«ረን» እና «ሮጠ»፤ ብዙ ፍች ያለው የእንግሊዝኛ ግሥ በአንድ የአማርኛ ፍች ሲታሰር

መግቢያ

የእንግሊዝኛ ቋንቋ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሁለት ኀላፊነት ተሸክሞ ይገኛል። በአንድ በኩል ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው፤ በሌላ በኩል የሌሎች ትምህርቶች ማስተማሪያ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ማስተማሪያነቱ ከ7ኛ ክፍል ይጀምር ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ሲያደርግ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያነቱንም አጽንቶታል። በመሆኑም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በተማሪው አእምሮ ውስጥ በጠባቡ ቢቀመጥ ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ወደ ጂኦግራፊውም፣ ወደ ኢኮኖሚክሱም፣ ወደ ፊዚክሱም ይሻገራል።

የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። የዚህ ውጤት ምክንያቶች ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም በቋንቋ ማሳበብ ተገቢ አይሆንም። ሆኖም ጥያቄውን በትክክል ያላነበበ ተማሪ፣ ትምህርቱን ቢያውቀውም እንኳ፣ ዕውቀቱን የሚያሳይበት መንገድ እንደማይኖረው ግልጽ ነው። ከዚህ በታች የሚመረመረው ከንባብ መሰናክሎች አንዱ ነው፤ ይኸውም ብዙ ፍች ያለውን ተራ ቃል በአንድ ፍች ብቻ አሥሮ የማስተማር ልማድ ነው። ለምርመራው የተመረጠው ቃል ማንኛውም ተማሪ «አውቀዋለሁ» የሚለው «ረን» የተሰኘው ግሥ ነው።

ለምሳሌ የተወሰደው አካባቢም ደጋን ነው። ደጋን በደቡብ ወሎ፣ በቃሉ ወረዳ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የተመረጠችበት ምክንያት፣ መንገዱ፣ ወንዙ፣ አውቶቡሱና ፋብሪካው ለደጋን ተማሪ ቅርብ በመሆናቸው የቃሉን ዋና ዋና ፍችዎች ከአካባቢው ሳይርቁ ለማሳየት ስለሚቻል ነው።

1. የቃሉ ጠባይ

በቃላት መማሪያ ዝርዝሮች ላይ «ረን» ከሚለው ቃል ትይዩ ዘወትር የሚጻፈው «ሮጠ» ነው። ይህ ፍች ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ቃሉ በሚከተሉት አገባቦች ሲመጣ «ሮጠ» ሊያገለግል አይችልም።

ሀ/ ስለ ፈሳሽ ሲነገር፦ ቦርከና በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ሲወርድ እንግሊዝኛው «ረን» ይላል፤ አማርኛው «ይፈሳል» ይላል። ጉንፋን የያዘው ሕፃን አፍንጫም በዚሁ ግሥ ይነገርለታል። በውሃ የተነከረ ጨርቅ ቀለም ሲለቅም ግሡ ያው ነው።

ለ/ ስለ መስመር ሲነገር፦ ጎዳናው ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደጋን በኩል ወደ ባቲ ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ መንገዱ ባለበት ተዘርግቶ ይገኛል። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛው ያንኑ ግሥ ይጠቀማል።

ሐ/ ስለ መኪናና ስለ መሣሪያ ሲነገር፦ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለ የሽመና መኪና ሥራ ላይ ሲሆን «ረን» ይባላል። ፍቹ «ይሠራል» ወይም «እየተንቀሳቀሰ ነው» ማለት ነው።

መ/ ስለ ማመላለሻ ሲነገር፦ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚሠራ አውቶቡስ «ይመላለሳል» ለማለት ቃሉ ያገለግላል።

ሠ/ ስለ አመራር ሲነገር፦ አንድ ነጋዴ ሱቅ፣ አንዲት ርእሰ መምህርት ትምህርት ቤት «ያካሂዳሉ» ወይም «ይመራሉ» ለማለት ያው ግሥ ይገባል። እዚህ ላይ ግሡ ተሳቢ ያለው መሆኑን ልብ ይሏል።

ረ/ ስለ ምርጫ ሲነገር፦ ለምክር ቤት አባልነት የቀረበ እጩ «ተወዳደረ» ይባላል።

ሰ/ ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር፦ «ረን አውት» አለቀ፣ «ረን ኢንቱ» ድንገት ተገናኘ፣ «ረን ኦቨር» በተሽከርካሪ ዳጠ የሚል ፍች ይኖረዋል። እነዚህን ከሁለቱ ቃላት ፍች ደምሮ ማግኘት ስለማይቻል እንደ አንድ ቃል ማጥናት ያስፈልጋል።

እነዚህ ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም፣ 430 ያህል ፍች በመያዝ የረዥሙን ሐተታ ስፍራ ይዞ የነበረው «ሴት» የሚባለው ሌላ ተራ ግሥ ነበር፤ ድምፁ ከአማርኛው «ሴት» ጋር ቢገጥምም ፍቹ «አኖረ፣ አስቀመጠ» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ በተደረገው የእርማት ሥራ «ረን» በግሥነቱ ብቻ 645 ፍች ተቈጥሮለት ቀደምነቱን ወስዷል።

ይህ ቍጥር መምህሩን ሊያስደነግጠው አይገባም። ከላይ የተዘረዘሩት ፍችዎች የተበታተኑ ቢመስሉም፣ ቀረብ ብሎ ለተመለከታቸው አብዛኞቹ ከአንድ ሐሳብ ላይ ይገናኛሉ። ሐሳቡም «በተያዘ መስመር ሳይቋረጡ መቀጠል» የሚል ነው። ውሃ በቦዩ፣ መኪና በዙሩ፣ አውቶቡስ በመንገዱ፣ ሥራ በሥርዓቱ ይቀጥላል። በእግር መሮጥ የዚህ ቀጣይነት አንዱ መልክ ነው እንጂ ብቸኛው መልክ አይደለም።

2. የ«ሮጠ» ጉድለትና የ«ሄደ» ቅርበት

የቃላት ዝርዝሩ ዋና ጉድለት ፍችውን ማሳነሱ ብቻ አይደለም፤ ከአማርኛ ውስጥ የተመረጠው አቻ ለመስፋት የማይመች መሆኑም ጭምር ነው። በአማርኛ «ሮጠ» በአብዛኛው እግር ላለው ፍጡር የተወሰነ ግሥ ነው። «መንገዱ ወደ ባቲ ይሮጣል» ወይም «ነጋዴው ሱቁን ያስሮጣል» ቢባል አድማጭ ግር ይለዋል። ስለዚህ «ረን» ማለት «ሮጠ» ነው ብሎ የተማረ ልጅ ከሁለተኛው ፍች ጋር ሲገናኝ አቻው ቃል አያግዘውም፤ እንዲያውም ያደናቅፈዋል።

በአንጻሩ «ሄደ» የሚለው ግሥ ከነእርባታው ቢወሰድ ነገሩ ይለወጣል። «መንገዱ ወደ ባቲ ይሄዳል» ይባላል። «ሰዓቱ ይሄዳል»፣ «ሞተሩ ይሄዳል» ይባላል። «አውቶቡሱ ደሴ ይሄዳል» ይባላል። ሥራን ስለ መምራት ሲነገርም «አስኬደ» እና «አካሄደ» የሚሉት ቃላት ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። አንድ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያልፍበት መንገድ «ሂደት» መባሉም ከዚያው ነው። እንግሊዝኛው ከሩጫ ተነሥቶ የደረሰበትን ስፍራ አማርኛው በአብዛኛው ከመሄድ ተነሥቶ ደርሶበታል ማለት ይቻላል።

ይህ ሲባል ግን «ሮጠ» ተሽሮ «ሄደ» ይተካ ማለት አይደለም። «ሄደ» ፍጥነትን አያሳይም፤ «አለቀ» እና «ተወዳደረ» የሚሉትንም ፍችዎች አይሸፍንም። ለማመልከት የተፈለገው፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ላይ ሲያርፍ በብዙ ቃላት መካከል ተከፋፍሎ እንደሚያርፍ ነው። መምህሩ ክፍፍሉን ካሳየ ተማሪው ሁለቱንም ቋንቋዎች በተሻለ ያውቃል።

3. ስለ መዛግብተ ቃላቱ

ለኢትዮጵያ ተማሪዎችና መምህራን ለረጅም ዘመን ካገለገሉት የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዛግብተ ቃላት መካከል ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1973 በአንድ ዓመት ታትመዋል። አንደኛው የአምሳሉ አክሊሉና የጂ. ፒ. ሞስባክ ሥራ ሲሆን፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በአዲስ አበባ የወጣ ነው። ሁለተኛው በጀርመን አገር በቪስባደን ከተማ የታተመው የፕሮፌሰር ወልፍ ሌስላው ሥራ ነው።

የአምሳሉና የሞስባክ መዝገብ አጭርና ለእጅ የሚመች ነው። ፍችዎችን በአጭር በአጭሩ አስከትሎ ያቀርባል። ለትምህርት ቤት አገልግሎት ይህ ትልቅ በጎነት ነው። ይሁን እንጂ አጭርነቱ ከአንባቢው አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም ፍችዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቦ ለያዘው ዐረፍተ ነገር የሚስማማውን መምረጥ ነው። ይህን ያልሠለጠነበት ተማሪ የመጀመሪያውን ፍች ቀድቶ መጽሐፉን ይዘጋል። ስለዚህ ጉድለቱ በይበልጥ የሚታየው በመጽሐፉ ላይ ሳይሆን የመጽሐፉን አጠቃቀም ባለማስተማር ላይ ነው።

የሌስላው መዝገብ ሌላ ዘዴ ይከተላል። ቃሉን ብቻውን ከማቆም ይልቅ በዐረፍተ ነገር ወይም በሐረግ ውስጥ አስገብቶ ለዚያ አገባብ የሚስማማውን አማርኛ ይሰጣል። ለብዙ ፍች ቃላት ከዚህ የተሻለ አቀራረብ ማግኘት ያስቸግራል። ይህም ሆኖ ይበልጥ የሚያገለግለው አማርኛ የሚማረውን የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፤ ምሳሌዎቹን ለመረዳት አስቀድሞ እንግሊዝኛውን ማወቅ ያሻልና። መጠኑም ግዙፍ ስለሆነ ለተማሪ ቦርሳ አይመችም። እንግዲህ ለተማሪው የተዘጋጀው መዝገብ አገባብን በሰፊው አያሳይም፤ አገባብን የሚያሳየው መዝገብ ደግሞ ለተማሪው የተዘጋጀ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት የመምህሩና የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጁ ድርሻ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የሚረዳ ሦስተኛ ሰነድ አለ። ማይክል ዌስት በእንግሊዞች አገዛዝ ዘመን በቤንጋል በዳካ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ርእሰ መምህር የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው የጠቅላላ አገልግሎት ቃላት ዝርዝር 2,000 ያህል ዋና ቃላትን ይዟል። ከተራ ዝርዝር የሚለየውም እያንዳንዱ ቃል ባሉት ፍችዎች ስንት ጊዜ እንደሚመጣ በመቶኛ ለማሳየት መሞከሩ ነው። የተጠቀመበት ጽሑፍ ያረጀ ስለሆነ ቍጥሮቹ ዛሬ እንዳሉ ሊወሰዱ አይገባም። መርሑ ግን አላረጀም፦ መቈጠር ያለበት ቃሉ ብቻ ሳይሆን ፍችውም ነው። ቃላትን ብቻ ቈጥሮ «ይህን ያህል ቃል ተምሯል» የሚል ዕቅድ፣ «ረን»ን አንድ ጊዜ ካስተማረ በኋላ ሥራው እንደተፈጸመ ይቈጥራል።

4. ተማሪው ከቤት ይዞት የሚመጣው ዕውቀት

አንድ ቃል ብዙ ፍች ሊኖረው መቻሉ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። «ወጣ» የሚለውን የአማርኛ ግሥ እንመልከት። ሰው ከቤት ይወጣል፤ ፀሐይ ትወጣለች፤ ዐዋጅ ይወጣል፤ ዕጣ ይወጣል፤ ለሕፃን ስም ይወጣል፤ ጥርስ ይወጣል፤ ከባንክ ገንዘብ ይወጣል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የሐረጎን ዳገት ይወጣል። ይህን ሁሉ የሰባት ዓመት ልጅ ሳይሳሳት ይናገረዋል። አንድ የውጭ አገር ሰው «ወጣ ማለት ከቤት ወደ ደጅ መሄድ ብቻ ነው» ብሎ ቢማር ምን ያህል እንደሚቸገር ልጁ ራሱ ሊያስረዳ ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ የራሱን ችግር በእንግሊዝኛው ላይ እንዲያይ ማድረግ ቀላል ነው።

በደጋን አካባቢ ደግሞ ሌላ ስንቅ አለ። ቃሉ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በታወቀው በጌታ ማእከልና በሼሆቹ አማካይነት የቆየ የእስልምና ትምህርት ያለበት አገር ነው። ብዙ ልጆች ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ወይም ጎን ለጎን ቁርአን ይቀራሉ። በዓረብኛ «ጀራ» የተባለው ግሥ «ሮጠ» ማለት ነው፤ «ፈሰሰ» ማለትም ነው። በቁርአን ውስጥ ስለ ወንዞች፣ ስለ መርከቦችና ስለ ፀሐይ ተነግሮ ይገኛል። «ዐይን» የሚለው ቃልም የማያ አካል ሲሆን የውሃ ምንጭም ነው። ወደ ኪታብ ትምህርት የዘለቀ ደረሳ ሼሁ ሲያፈቱለት ፍችውን የሚወስደው ካለበት ዐረፍተ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ወንዝ እንዴት ይሮጣል?» ብሎ ቢገረም፣ ግርምቱ መልስ የሚያገኝበትን ቁልፍ ከእጁ ይዞት ነው። የጎደለው፣ ያንን ቁልፍ እንዲያወጣ የሚጠይቀው መምህር ነው።

የቤተ ክህነቱም ትምህርት እንዲሁ ነው። የቅኔ ተማሪ በአንድ ቃል ሁለት ፍች የሚያሳይበትን ኅብር ይማራል፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪም «አንድም» እያለ ፍች በፍች ላይ ይደርባል። ዓላማቸው ከዘመናዊው የቋንቋ ትምህርት የተለየ ቢሆንም፣ ቃልን በአንድ ፍች ዘግቶ አለመተው የጋራ ልማዳቸው ነው። እንግዲህ የአንድ ቃል-አንድ ፍች ዝርዝር ከአገሩ የትምህርት ባህል ጋር የሚስማማ ነው ማለት አይቻልም።

5. በሌሎች ትምህርቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት

«ሮጠ» ብቻውን የት የት እንደሚያሰናክል ለማየት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችን መዳሰስ ይበቃል። በጂኦግራፊ «ረንኦፍ» የሚባለው ከዝናብ በኋላ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ በገጸ ምድር ላይ የሚወርደው ውሃ ነው። በዜግነት ትምህርት ያው ቃል ለሁለተኛ ዙር የሚደረግ የመለያ ምርጫ ይሆናል። በኮምፒዩተር ትምህርት ፕሮግራምን «ረን» ማድረግ ሥራ ማስጀመር ነው። በቤተ ሙከራም ሙከራን ማካሄድ በዚሁ ግሥ ሊነገር ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሆነው የኢኮኖሚክሱ ነው። «ሾርት ረን» እና «ሎንግ ረን» የተባሉትን «አጭር ሩጫ» እና «ረጅም ሩጫ» ብሎ የሚያነብ ተማሪ ከትምህርቱ በር ላይ ይቀራል። «በአጭር ጊዜ» እና «በረጅም ጊዜ» ብሎ የተረጐመውም ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሄደው። በምርት ንድፈ ሐሳብ ሾርት ረን የሚባለው ቢያንስ አንዱ የምርት ግብዓት ሊለወጥ የማይችልበት ጊዜ ነው፤ ሎንግ ረን ደግሞ ሁሉም ግብዓቶች ሊለወጡ የሚችሉበት ጊዜ ነው። በቀን መቍጠሪያ የሚለካ አይደለም። ስለዚህ የእንግሊዝኛው መምህር ቃሉን እስከ «ጊዜ» ድረስ ቢያደርሰው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ፍች ማስጨበጥ የኢኮኖሚክሱ መምህር ተግባር ይሆናል። «የቃል ትርጉም የእንግሊዝኛ መምህር ሥራ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ይህን ቅብብል ያፈርሰዋል።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ጀማሪ ተማሪ በብዙ ፍች ግራ ይጋባል የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። በታችኛው ክፍል «ረን» ማለት «ሮጠ» ነው ብሎ መጀመር ተገቢ ነው። ጉድለቱ በአንድ ፍች መጀመር ሳይሆን በዚያው መቅረት ነው። የ2ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠው ፍች በ9ኛ ክፍልም ሳይሰፋ ከተገኘ ሥርዓተ ትምህርቱ በሰባት ዓመት ውስጥ ወደ ቃሉ አልተመለሰም ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ተማሪው ከአገባቡ ገምቶ ይድረስበት የሚል ነው። ግምት ጠቃሚ ችሎታ ነው። ነገር ግን በዙሪያው ያሉት ቃላት ካልታወቁ የሚገመትበት መሠረት አይኖርም። ከዚህም በላይ ተማሪው «ረን»ን የሚያውቀው ስለሚመስለው ለመገመት ምክንያት አያይም። የማይታወቅ ቃል አንባቢን ያስቆመዋል፤ በከፊል የሚታወቅ ቃል ግን ሳያስቆም ያሳስተዋል።

ሦስተኛው የክፍለ ጊዜና የተማሪ ብዛት ጉዳይ ነው። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ለእያንዳንዱ ቃል ሐተታ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ምርጫ ያስፈልጋል። አንድ ፍች ብቻ ያላቸው ስሞች በዝርዝር ቢጻፉ ጉዳት የለውም። ጊዜው መዋል ያለበት እንደ «ረን» ባሉ በየትምህርቱ በሚመላለሱ ጥቂት ግሦችና ስሞች ላይ ነው።

7. ምን ይደረግ

ሀ/ በሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ብዙ ፍች ያለው ቃል ከነዐረፍተ ነገሩ ይጻፍ። የአማርኛው ፍችም የሚሰጠው ለዐረፍተ ነገሩ እንጂ ለቃሉ ብቻ አይሁን።

ለ/ ተማሪው በደብተሩ ለእነዚህ ቃላት አንድ አንድ ገጽ ለይቶ ይያዝ፤ አዲስ ፍች ባጋጠመው ቍጥር፣ በየትኛውም ትምህርት ይሁን፣ በዚያው ገጽ ላይ ይጨምር። ይህ ከደብተርና ከእርሳስ በቀር ወጪ አይጠይቅም።

ሐ/ ምሳሌዎች ከአካባቢው ይወሰዱ። ለደጋን ልጅ የባቲው ጎዳናና የኮምቦልቻው ፋብሪካ፣ ባሕር ማዶ ከሚገኝ የባቡር ጣቢያ ይልቅ ያስረዱታል።

መ/ በየትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛና የሌሎች ትምህርቶች መምህራን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ተገናኝተው ፍቻቸው ከትምህርት ትምህርት የሚለዋወጥ ቃላትን ይለዩ። «ፓወር»፣ «ሚን»፣ «ቴብል»፣ «ሩት» እና «ወርክ» ለመነሻ ይበቃሉ።

ሠ/ ፈተና አውጪዎች ከዐረፍተ ነገር የተነጠለ ቃል አቅርበው አቻውን ከመጠየቅ ይቆጠቡ። ተማሪ የሚያጠናው በሚፈተንበት መልክ ስለሆነ ፈተናው ካልተለወጠ የቃላት ዝርዝሩ ከደብተር አይጠፋም።

ረ/ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የመዝገበ ቃላትን አጠቃቀም እንደ አንድ ሙያዊ ክህሎት ያሠልጥኑ። ሠልጣኙ አንድን ቃል ከሁለት መዛግብት አውጥቶ ፍችዎቹን እያስተያየ ለአንድ ዐረፍተ ነገር የሚስማማውን መምረጥና የመረጠበትን ምክንያት ማስረዳት ይቻለው።

ማጠቃለያ

«ረን» አንድ ቃል ቢሆንም የሚያሳየው ችግር የብዙ ቃላት ነው። መዛግብተ ቃላቱ፣ ከነጉድለታቸው፣ የቃሉን ስፋት መዝግበዋል። ተማሪውም ከቤቱ፣ ከቁርአን ቤቱና ከቅኔ ቤቱ የፍችን ብዛት የሚቀበል አእምሮ ይዞ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ቆሞ ቃሉን ያጠበበው የትምህርት ቤቱ ዝርዝር ነው። ይህን ማረም ትልቅ በጀት ወይም አዲስ መሣሪያ አይሻም፤ የመጽሐፍ አዘጋጁን፣ የፈተና አውጪውንና የመምህሩን ስምምነት ይሻል። ስምምነቱ እስኪደረስም ድረስ እያንዳንዱ መምህር በነገው ክፍለ ጊዜ ከአንዱ ቃል ጎን አንድ ዐረፍተ ነገር በመጻፍ ሊጀምር ይችላል።